የጀርባ ዘለበት

ከፖዝናን ወዲህ ነው፣ ከዋርታ ወንዝ ዳር፣
ሐምሌ አጭዶት የሄደ፣ ገና ያልደረቀ ሣር።
ጤዛው ድንኳናችን ላይ ሲያንቀላፋ ያድራል፤
ሚየሽኮ በእንጨት ማንኪያ ገንፎ ያማስላል፣
ጦር በተደገፈበት ገመድ ካልሲው ተሰጥቷል።

ሰኞ ጥርስ ሠሪ ነኝ፤ ነጭ ለብሼ፣ መስኮት ሥር፣
በቀጭን ጉጠት ለሰው አፍ ድልድይ ስቀጥል፣ ሳስር።
ቅዳሜ በዚያው ጉጠት
ቀለበት በቀለበት አስገባለሁ፤
አራቱ በአንዱ ይታሰራሉ፣ አንዱም በአራቱ።
ሦስት የበረዶ ወራት ፈጀ ጥሩሬ፣ ሃያ ሰባት ሺህ ቀለበት፣
ብብቱ ላይ ዛሬም አለች፣ ደክሞኝ የዘለልኳት ስፌት።

ጥጥ የታጨቀው ካፖርት ዐሥር ዓመት የጠጣውን ላብ
ዝናብ ሲነካው ይተፋዋል፤ እንደ እርጥብ በግ፣ እንደ አሮጌ ዐይብ።
ቦግና ኮምጣጤ ትረጨዋለች፣
«ይሄ ልብስ አንድ ቀን ራሱ ተነሥቶ ይዋጋል» ትላለች።
ቦግና ትራም ትነዳለች። ስድሳ ሁለት ሞልቷታል።
ጦሯን የቀመሰ ሁሉ ዕድሜዋን መጠየቅ ትቷል።

ሁሉን ራስህ ትታጠቃለህ፤ የጭን ብረት፣ የክርን ብረት፣
የማትደርስባት አንዲት ናት፤ የጀርባህ ዘለበት።
ንጉሥ ሁን ሎሌ፣ ክንድህ ወደ ኋላ አይታጠፍም፤
የራሱን ጀርባ ያሰረ ጀግና እስካሁን አልተጻፈም።

የኔን የሚያስረው ቪት ነበር። ዛሬ ትኩሳት ይዞት
መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቧል።
ጥሩምባው አንዴ ተነፋ። ሰዉ ተሰልፏል።
እኔ ጀርባዬን ላይ ስዞር፣ ጅራቱን እንደሚያሳድድ ውሻ፣
ከኋላዬ እጅ መጣ። አልተናገረም።
ጠፍሩን ሳበ፣ አጠበቀ፣ ከዚያ አንድ ቀዳዳ አላላ፣
ትንፋሽ እንዲገባኝ ያህል።
ሌሼክ ነው። በጓንቱ ዐወቅሁት።

ከሌሼክ ጋር አንነጋገርም። ዓመት ከሁለት ወር ሆነን።
የራስ ቁሬን ተውሶ፣ ግንባሩን አጎድጉዶ፣
በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሌሊት፣ ድንኳኔ በር ላይ ጥሎ!
ብረቱስ በመዶሻ ይቃናል፤ እኔን ያጎበጠኝ ዝምታው ነው።
እናም ያ እጅ ጀርባዬን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ
ተሻገረ ወደ ጠላት ሰልፍ፣ ቀይ ጋሻውን አንጠልጥሎ።
እኛ ሰማያዊ ነን።

ውጊያውን አልተርክም። ግፊያ ነው፣ ገበያ የገባ በሬ፤
በቁሬ ስንጥቅ የደረሰኝ ሁሉ የጣት ስፋት ያህል ወሬ።
ሌሼክ ትከሻዬን መታኝ። ንጹሕ ምት። ሞትኩ።
ሙት ይተኛ ይላል ሕጉ፣ እግሩን ሰብስቦ ወደ ጥጉ።
አንድ ጉንዳን ጥሩሬን እንደ ደረጃ ወጣው፤
ሃያ ሰባት ሺህ በር ያለው ቤት አግኝቶ
በየትኛው ይግባ? ግራ ገባው።

ከዚያ ቦግና በጦሯ የሌሼክን ጎን ነካችው።
ወደቀ አጠገቤ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣
ሁለት ሬሳ፣ ዓይን ለዓይን፣ በብረት መስኮት።
«የራስ ቁርህ...» አለ ሬሳው።
«ሙት አያወራም» አልኩት።
«ሞቼም ካልነገርኩህ መቼ ልነግርህ ነው?
የወንድሜ ልጅ ነው፤ የዐሥር ዓመት ልጅ፤
አስፋልት ላይ እንደ ኳስ ያንከባለለው።
ልጁን ላሳጣ አልወደድኩ፣
ላንተ መዋሸትም አፈርኩ፣
ዝም አልኩ።»

ሙት አይከሰስም ይላሉ። ሙት ሙትንማ እንዴት ይከሳል?
ሳቄ መጣ። ሬሳ ሲስቅ ጥሩሩ ይንኳኳል፤
ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሕፃን፣
«እማዬ፣ የሞተው ሰውዬ ይስቃል!»

ጥሩምባው ሁለቴ ተነፋ። ሙታን ሁሉ ተነሡ፣
ሣር እያራገፉ፣ ቀይ ከሰማያዊ ተደባልቀው
ወደ ውሃው በርሜል ገሠገሡ።
«ዙር» አለኝ ሌሼክ። ዞርኩ።
ጠፍሩ ላብ ጠጥቶ አብጧል፤ ዘለበቱ እምቢ አለ።
በጥርሱ ነከሰው፣ ሳበ፣ ተሳደበ፣ ደግሞ ሳበ።
«ጥርሴ ተነቃነቀ» አለ።

«ሰኞ ና» አልኩት።